ከማሳ እስከ ማእድ፦ የክርስትና አምልኮ በደገኛው የዕለት ኑሮ

በኢትዮጵያ ደጋማ አገር የሚኖር ክርስቲያን ገበሬ ቀንን በቁጥር ከመጥራት በታቦት መጥራት ይቀናው ነበር። የወሩ 12ኛ ቀን ሚካኤል፣ 21ኛው ማርያም፣ 23ኛው ጊዮርጊስ፣ 27ኛው መድኃኔ ዓለም ነው። ብድሩን ለሚካኤል እመልሳለሁ ብሎ ይዋዋላል፣ ልጁን ከጥምቀት በኋላ ይድራል፣ ሙክቱን ለፋሲካ ያደልባል። ምጥ የያዛት ሴት በተኛችበት ቤት ጎረቤቶች "ማርያም፣ ማርያም" እያሉ ይማጠናሉ፤ በሰላም ስትገላገልም "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይሏታል። መቼ እንደሚታረስ፣ ምን እንደሚበላ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጋባ፣ ሙት እንዴት እንደሚሸኝ የሚነግረው ደንብ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ነበር፤ ጠባቂው ግን ከቄሱ ይልቅ ራሱ ቤተሰቡና አጥቢያው ነበር።

አመሠራረቱ

ክርስትና ወደ አክሱም የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጢሮስ የመጣው ፍሬምናጦስ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ ተመለሰ፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የሚባለውም እሱ ነው። ንጉሡ ኢዛና በገንዘቡ ላይ ይቀረጽ የነበረውን የጨረቃና የክብ ምልክት ትቶ መስቀል አስቀረጸ። ሃይማኖቱ ከከተማውና ከንግድ መንገዱ አልፎ ወደ ገጠር የዘለቀው ከዚያ በኋላ ነው። ተሰዓቱ ቅዱሳን በመባል የሚታወቁት መነኮሳት በየተራራው ገዳማትን መሠረቱ፤ ቅዱሳት መጻሕፍት ወደ ግዕዝ ተመለሱ፤ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን የዜማ ዓይነቶች እንደ ደረሰ የቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት ይናገራል።

የአምልኮውን መልክ ከወሰኑት ነገሮች አንዱ የጳጳስ ጉዳይ ነው። ከአባ ሰላማ ጀምሮ ለ1,600 ዓመታት ያህል የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ከግብፅ ይላክ ነበር፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት በ1951 ዓ.ም. ነው። ለሰፊ አገር ብዙውን ጊዜ አንድ ጳጳስ ብቻ ይኖር ነበር። እሱም ቋንቋውን የማያውቅ የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ዋና ሥራው ካህናትና ዲያቆናትን መሾም ነበር። አንዱ ሞቶ ሌላው እስኪመጣ ዓመታት የሚያልፉበት ጊዜም ነበር። ስለዚህ የየዕለቱ ሃይማኖታዊ ሕይወት በአጥቢያው ቄስ፣ በደብተራው፣ በመነኩሴውና በቤቱ እመቤት እጅ ወደቀ። ሥርዓቱ ከላይ ሲታወክ ከታች ሳይታወክ የኖረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የዘመን ስሌት

ዓመቱ እያንዳንዳቸው 30 ቀን ያላቸው 12 ወራትና 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን አሉት። ወሩ ሁሉ እኩል 30 ቀን መሆኑ ለእያንዳንዱ ቀን በየወሩ የሚመላለስ ስም ለመስጠት አመቸ። በ1 ልደታ፣ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ24 ተክለ ሃይማኖት፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ28 አማኑኤል፣ በ29 በዓለ ወልድ ይታሰባሉ። ከነዚህም 12፣ 21 እና 29 ግዝት በዓላት ይባላሉ፤ ሥራ በጥብቅ የሚከለከልባቸው ናቸው። ታሪካዊ ክስተት ሳይቀር በዚሁ መንገድ በሕዝብ ትዝታ ይያዛል። የዐድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነውና ድሉ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ጋር ተቆራኝቶ ቀርቷል።

ዓመታቱም ስም አላቸው። በአራት ዓመት ዙር ዘመነ ዮሐንስ፣ ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስና ዘመነ ሉቃስ እየተባሉ ይፈራረቃሉ፤ ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። የድሮ ደብዳቤዎችና የውል ጽሑፎች ከቀኑ አጠገብ ወንጌላዊውን ይጠቅሳሉ። የፋሲካንና ከእሱ ጋር ወደፊትም ወደኋላም የሚሉትን አጽዋማትና በዓላት ቀን የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ የሚባለው ስሌት ነው። በመስከረም 1 ካህናት ዘመኑ የማን ወንጌላዊ እንደሆነ፣ የነነዌ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል ለሕዝቡ ያውጃሉ። ማንበብ ለማይችለው ገበሬ የዓመቱ መርሐ ግብር ይህ ነበር።

በዓላቱ ከእርሻው ወቅት ጋር ተጣጥመው ይሄዳሉ። ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው ደብረ ታቦር፣ በሕዝብ አጠራር ቡሄ፣ ልጆች ጅራፍ የሚያጮኹበትና ሙልሙል የሚቀበሉበት የክረምት በዓል ነው። መስከረም 17 ቀን የሚከበረው መስቀል ዝናቡ ሲወጣ፣ አደይ አበባ ሜዳውን ሲሸፍን ይመጣል። የኅዳርና የታኅሣሥ በዓላት እህሉ ሲታጨድና ሲወቃ ይውላሉ። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት ሲደርስ ጎተራው ሞልቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ወንዙ ጎድሏል፤ ሰርግ የሚበዛውም ከዚያ እስከ ዐቢይ ጾም ቅበላ ባለው ጊዜ ነው፤ ጾሙ ከገባ ዘፈንም ሰርግም የለም። ዘመድ ከዘመድ የሚጠያየቀው፣ ሽማግሌ የሚላከው፣ የተጣላ የሚታረቀውም በበዓላት ዙሪያ ነበር።

ሁለቱ ሰንበታትና ሥራ

ከአምልኮው ልማዶች ውስጥ ረጅም ክርክር ያስነሣው የሰንበት ጉዳይ ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከእሑድ ጋር ቅዳሜም ሊከበር ይገባል ብለው አስተማሩ። ከእስክንድርያ የመጡት ጳጳሳት ይህን ተቃወሙ፤ አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከአገር ወጥተው በአርመን አረፉ፤ ደቀ መዛሙርታቸውም ለረጅም ጊዜ ከሹመትና ከክህነት ተገለሉ። ዐፄ ዳዊት በእ.ኤ.አ. 1404 ልማዳቸውን እንዲጠብቁ ፈቀዱላቸው። ነገሩ የተቆረጠው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በእ.ኤ.አ. 1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሲሆን ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ ተወሰነ።

የወሩን መልክ በማስያዝም ከነገሥታቱ ሁሉ ዘርዐ ያዕቆብን የሚስተካከል የለም። ሠላሳ ሦስቱ የእመቤታችን በዓላት እንደ ሰንበት እንዲከበሩ፣ የክርስቶስ ልደት መታሰቢያ በየወሩ በ29 እንዲሆን አዘዙ፤ ካህናት በሰንበትና በበዓል ሕዝቡን ሰብስበው እንዲያስተምሩ ደነገጉ። በአባታቸው በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግዕዝ የተመለሰው ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ሆነ። ዛሬ ድረስ ግዝት የሚባሉት ቀናት ክብደት ከዚህ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው።

በበዓል ቀን ማረስ፣ ማጨድ፣ መውቃት፣ መፍጨት፣ መፍተልና እንጨት መፍለጥ አይፈቀድም። ከብት መጠበቅ፣ ውኃ መቅዳትና ምግብ ማብሰል አይከለከልም። ክልከላውን የሚያስከብረው የመንግሥት ዳኛ ሳይሆን ጎረቤት ነው፤ በዓል የሻረ ሰው በረዶና ድርቅ በአገር ሁሉ ላይ ያመጣል ተብሎ ስለሚታመን የአንዱ ጥፋት የሁሉም ስጋት ነበር። ሽማግሌዎች በሻሪው ላይ ቅጣት ይጥላሉ። ደንቡ ለገባሩና ለአገልጋዩም ዕረፍት ሰጥቶታል፤ የባላባት ማሳ እንኳ በማርያም ዕለት አይታረስም።

ልማዱ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ የታየው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ቀደም ሲል፣ በእ.ኤ.አ. 1555፣ ዐፄ ገላውዴዎስ የአይሁድ ሥርዓት ትከተላላችሁ ለሚሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ለኢየሱሳውያን፣ በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ቅዳሜን የምናከብረው እንደ አይሁድ አይደለም፣ ግርዘትም የአገር ልማድ ነው የሚል መልስ ሰጥተው ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ ግን በእ.ኤ.አ. 1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ በእ.ኤ.አ. 1625 የደረሰው የካቶሊክ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝም ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ፣ የበዓላቱና የአጽዋማቱ አቈጣጠር በሮም ልማድ እንዲለወጥ፣ ግርዘትና የቅዳሜ ሰንበት እንዲቀር ጠየቀ። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሚደረገው ክርክር የሊቃውንት ነበር፤ ቅዳሜ ሞፈር መጫን ግን እያንዳንዱን ገበሬ የሚነካ ነገር ነው። ዓመፁ ከቤጌምድር እስከ ላስታ ተቀጣጠለ። ንጉሡ በእ.ኤ.አ. 1632 ደም ካፋሰሰው የወይና ደጋ ውጊያ በኋላ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነግረው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ጾምና ጓዳ

የዕለቱን ምግብ የሚወስነው ጾም ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ የምትቈጥራቸው የአዋጅ አጽዋማት ሰባት ናቸው፦ ዐቢይ ጾም ወይም ሁዳዴ፣ የሐዋርያት ጾም ማለትም የሰኔ ጾም፣ ፍልሰታ፣ ኅዳር 15 የሚገባው የነቢያት ወይም የገና ጾም፣ ሦስት ቀን የሚቆየው የነነዌ ጾም፣ ገሃድ፣ እንዲሁም ረቡዕና ዓርብ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም አይጾሙም። መነኮሳትና ካህናት የሚጾሙትን ሁሉ ቢደምሩት ከዓመቱ ግማሹን ይበልጣል።

ጾም ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል መከልከል ነው፤ እነዚህ በጥቅሉ ጥሉላት ይባላሉ። ሁለተኛው ሰዓት መጠበቅ ነው። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጾመኛው እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ አይቀምስም። ሕፃናት፣ ሕሙማንና አራሶች ይቀርላቸዋል፤ ለማን እንደሚቀር የሚወስነው የነፍስ አባት ነው።

የኢትዮጵያ ወጥ ቤት ሁለት መልክ ያወጣው በዚህ የተነሣ ነው። አንደኛው የፍስክ ነው፦ ዶሮ ወጥ፣ ቅቤ የገባበት ቅልጥም፣ አይብ። ሌላው የጾም ነው፦ ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የሱፍና የተልባ ፍትፍት፣ ከባቄላ ዱቄት የሚዘጋጁት ስልጆና እልበት፣ ሰናፍጭ፣ አዚፋ፣ የሽምብራ ዓሣ። ቅቤ በሌለበት ወጡን የሚያጣፍጠው የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ነው፤ የቅባት እህል በደጋውና በወይና ደጋው ማሳ ላይ ቦታ ያገኘበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ብዙ እመቤቶች የጾሙን ድስት ከፍስኩ ለይተው ያስቀምጣሉ፤ መለየት ያልቻለች አመድ ነስንሳ አጥባ ትጠቀማለች።

ገበያውም ከጾሙ ጋር ይነሣል ይወድቃል። ሁዳዴ ሲገባ ሉካንዳው ይዘጋል፣ የወተት ፈላጊ ያንሳል፣ ወተቱ ወደ ቅቤ ይናጣል። የቅበላ ሳምንትና የፋሲካ ዋዜማ ግን የከብት፣ የዶሮና የእንቁላል ገበያ የሚደራበት ነው። በፋሲካ ማግሥት ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ገዝተው ይካፈላሉ፤ ይህም ቅርጫ ይባላል። ብቻውን በሬ ማረድ የማይችለው ድሃ በዓመት ጥቂት ቀን ሥጋ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነበር።

ምግብ የሃይማኖት ወሰንም ነበር። ክርስቲያን በስመ አብ ተብሎ የታረደውን፣ ሙስሊም ቢስሚላህ ተብሎ የታረደውን ይበላል፤ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም። ስለዚህ የሁለቱም እምነት ሰዎች የሚገኙበት ድግስ ለየብቻ ይታረድበታል። ቡናም እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በብዙ ደገኛ ክርስቲያን ዘንድ የሙስሊም መጠጥ ተደርጎ ይቈጠር ነበር፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ቤተ መንግሥቱም ካህናቱም ሲጠጡት ነቀፋው ቀረ፤ ቈይቶም የክርስቲያን ቤት የቀን ተቀን ወግ ሆነ።

ከማተብ እስከ ተዝካር

ሰው የክርስትናው ማኅበር አባል የሚሆነው በጥምቀት ነው። ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ቀኑ የተወሰደው አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገቡ ከሚለው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ነው። እናትየዋም እስከዚያ ቀን ድረስ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ሕፃኑ ሲጠመቅ አንገቱ ላይ ማተብ ይታሰርለታል፤ "ማተብ የለህም ወይ?" ማለት እምነት የለህም ወይ ማለት ነው። የክርስትና ስምም ይወጣለታል፦ ለወንድ ገብረ፣ ወልደ ወይም ኃይለ፣ ለሴት ወለተ ወይም አመተ ተብሎ ከቅዱሱ ስም ጋር ይያያዛል። ይህ ስም ለቁርባን፣ ለጸሎትና ለፍትሐት ነው እንጂ ለአደባባይ አይደለም፤ ብዙ ሰው ለባዕድ አይናገረውም።

ጥምቀት ዝምድናም ይፈጥራል። ለወንድ የክርስትና አባት፣ ለሴት የክርስትና እናት ትቆማለች። ይህ ዝምድና እንደ ሥጋ ዝምድና ይከበራል፤ ጋብቻን ይከለክላል፤ ሁለቱን ቤተሰቦችም በችግር ጊዜ ያረዳዳል። ባላባት የጭሰኛውን ልጅ ክርስትና ሲያነሣ፣ ወይም ባላጋራዎች እርቃቸውን በክርስትና ልጅ ሲያጸኑ፣ ሥርዓቱ ከጸሎት አልፎ የማኅበራዊ ውል መልክ ይይዝ ነበር።

እያንዳንዱ ቤት የነፍስ አባት አለው። ኑዛዜ ይቀበላል፣ ጾምና ስግደት ቀኖና ይሰጣል፣ በየጊዜው እየመጣ ቤቱን ጸበል ይረጫል፣ ባልና ሚስትን ያስታርቃል፣ ሲሞቱም ይፈታል። ቤቱም በበኩሉ በበዓል ይጠራዋል፣ ከአዝመራውም ያካፍለዋል።

በጋብቻ በኩል ሥርዓቱና ልማዱ ተለያይተው ኖረዋል። የተክሊልና የቁርባን ጋብቻ አይፈታም፤ ስለዚህም በተለይ ካህናት ይፈጽሙታል። አብዛኛው ሕዝብ በሽማግሌ ፊት በሚደረግ የሰማንያ ውል ይጋባ ነበር፤ ይህ በፍቺ ሊፈርስ ይችላል። በዚህ የተነሣ ሥጋ ወደሙን የሚቀበሉት በአብዛኛው ሕፃናት፣ ካህናትና አረጋውያን ሆኑ። አብረው ያረጁ ባልና ሚስት በስተርጅና "ቆረቡ" ሲባል ትልቅ ዜና ነበር፤ ትዳሩ ከዚያ በኋላ በሞት እንጂ በሌላ አይለያይም። ሌላው ምእመን ወደ ውስጥ ባይገባም "ቤተ ክርስቲያን ስሞ" ይመለሳል፤ በቅሎ የተቀመጠ መንገደኛ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ ይወርዳል። ይህን የመውረድ ልማድ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጽፎታል።

ሞት ሲመጣ ካህናት ይፈታሉ፤ ሟቹም በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይቀበራል። ከሁሉም የሚገነው በ40ኛው ቀን የሚደረገው ተዝካር ነው። ካህናት ይጸልያሉ፣ ድሃ ይበላል፣ ዘመድ ከሩቅ ይመጣል። የወላጁን ተዝካር ያላወጣ ልጅ ይታማ ስለነበር ለድግሱ የተበደረ፣ በሬውን የሸጠ ብዙ ነው።

ማኅበርና ሰንበቴ

የአምልኮ ሕይወት ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን ቀጥሎ የሚያድርበት ሦስተኛው ስፍራ ማኅበር ነው። የአንድ ቅዱስ ወዳጆች፣ ብዙ ጊዜ በሐዋርያት ቁጥር 12 ሆነው፣ በየወሩ በቅዱሱ ዕለት በተራ በየቤታቸው ይሰበሰባሉ። ባለተራው ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ይደፋል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። ቄሱ ይባርካል፤ አስተናባሪው ሙሴ ይባላል። በመጨረሻ ጽዋው ለሚቀጥለው ባለተራ ይተላለፋል፤ ጽዋ መቀበል ግዴታ መቀበል ነው። ሰንበቴ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ የሚደረግ ነው፤ መንገደኛና ነዳያን ከአባላቱ ጋር ይቀምሳሉ።

የማኅበሩ ጥቅም ከመብልና ከጸሎት ያለፈ ነው። የታመመ አባል ይጠየቃል፣ ያዘነ ይጽናናል፣ የተጣሉ አባላት ሳይታረቁ ጽዋውን አይቀምሱም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በከተሞች የተስፋፋው እድር ሃይማኖት ሳይለይ ጎረቤትን የሚያሰባስብ የቀብር ተቋም ቢሆንም፣ በተራ መሰብሰብን፣ መዋጮንና ቅጣትን የለመደ ሕዝብ ነበር የተቀበለው።

አጥቢያው እንደ ትምህርት ቤትና እንደ ዳኝነት ስፍራ

ልጅ ፊደል የሚቈጥረው በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በየኔታ እግር ሥር ነበር። ከሀሁ ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስና ወደ ወንጌል፣ መጨረሻም ወደ ዳዊት ይሻገራል። ዳዊት የደገመ ሰው የተማረ ሰው ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በየመንደሩ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ እየለመነ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት ይዞራል። መንደርተኛውም ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ መስጠቱን ከምጽዋት ይቈጥረዋል፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ትምህርት ለብዙ መቶ ዓመታት የቆመው በዚህ ቁራሽ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1908 በአዲስ አበባ የተከፈተው ዘመናዊው የዐፄ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንኳ የመጀመሪያ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕት ክርስቲያኖች ነበሩ።

የቤተ ክርስቲያን ቅጥር የዳኝነት ኃይልም ነበረው። ባላጋራዎች በደጁ ይማማላሉ፤ ምስክር የጠፋበት ነገር በቄስ ግዝት ይጣራል። ደም ያለበት ወይም የንጉሥ ቁጣ ያገኘው ሰው ቅጥሩ ውስጥ ገብቶ ይማጠናል፤ አክሱም ጽዮን በዚህ መማፀኛነት ከታወቁት ታላላቅ አድባራት አንዷ ናት። ዛሬ በተራቆተው ደጋ ላይ የጽድ፣ የወይራና የዝግባ ዛፎች የቆሙት ከሌላው ስፍራ ይልቅ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው፤ ማንም እንዳይቈርጣቸው የጠበቃቸው ያው የቅጥሩ ክብር ነው።

ይህ ሁሉ የቆመው በመሬት ላይ ነበር። ሕዝቡ "ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ" ሲል የገለጸው ሥርዓት ትክክለኛ ልኬት ባይሆንም አስተሳሰቡን ያሳያል። ቄሱ፣ ዲያቆኑና ደብተራው የሚያገለግሉት ደመወዝ ተቀብለው ሳይሆን የሰሞን መሬት ይዘው ነበር፤ መሬቱን የያዘ አገልግሎቱን ይሰጣል፣ አገልግሎቱን የተወ መሬቱን ይለቃል። አራሹ ግን የሁለት ጌቶች ሸክም ነበረበት፤ በደብር ርስት ላይ የሚነሡ ክርክሮች የየዘመኑን ችሎት ያጨናንቁ ነበር።

ስለትና በሽታ

ሐኪም በሌለበት አገር በሽታ ሲገባ ሦስት መንገድ ነበር። አንዱ ጸበል ነው፤ ሕመምተኛው 7 ወይም 14 ቀን ይጠመቃል። ሌላው ስለት ነው፤ "ብድን ጃንጥላ አገባለሁ፣ ሙክት አገባለሁ" ተብሎ በዓመቱ በዓል ይፈጸማል። በሐረርጌ ያለው ቁልቢ ገብርኤል በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ከየአገሩ የሚጎርፈውን ስለተኛ የሚቀበል ትልቁ ስፍራ ነው። ሦስተኛው ደብተራው የሚጽፈው ክታብ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ብታወግዘውም ሕዝቡ አልተወውም።

ወረርሽኝም ከበዓል ጋር ይተሳሰራል። በ1911 ዓ.ም. በዓለም የተዛመተው የእንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን ሲመታ "የኅዳር በሽታ" ተባለ። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት፣ ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ልማድ ሆነ፤ "ኅዳር ሲታጠን" የሚባለው ይህ ነው።

ለውጡ

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥርዓቱን የነቀነቁት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የከተማ ኑሮ ነው። የቢሮ ሠራተኛና የፋብሪካ ወዛደር በ12 እና በ21 ሥራ መቅረት አይችልም፤ የመንግሥት የዕረፍት ቀን ጥቂት ዐበይት በዓላትን ብቻ ያውቃል። የግብርና ባለሙያዎችም የበዓላት ብዛት የእርሻውን ሥራ ያስተጓጉላል እያሉ ይተቹ ጀመር። ሁለተኛው አብዮቱ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ሁሉ ወሰደ፤ መንግሥትና ሃይማኖትም ተለያዩ። አገልጋዩ ከሰሞን መሬት ወደ ምእመናን መዋጮ ተሸጋገረ፤ ቀድሞ ተጀምሮ የነበረው የሰበካ ጉባኤ አደረጃጀት የአጥቢያው ዋና መደገፊያ ሆነ። መሬት ያጣችው ቤተ ክርስቲያን ምእመኗን አላጣችም፤ ጾሙ፣ ማኅበሩና ክርስትናው ቀድሞውንም በየቤቱ ነበሩና።

ሦስተኛው ስደት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ምእመናን በሥራ ቀን የሚውለውን ንግሥ ወደ ቅዳሜና እሑድ ይገፋሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዓርብ የዕረፍት ቀን በሆነበት ሁሉ ጉባኤውም በዓርብ ሲደረግ ኖሯል። በቀን ቅዳሴ መቆም የማይችለው እስከ 9 ሰዓት መጾሙን ከሥራው ጋር ያስማማል፤ ሽሮውና በርበሬው ከአገር ቤት ይላክለታል።

የመስቀል በዓል በእ.ኤ.አ. 2013፣ ጥምቀት በእ.ኤ.አ. 2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍረዋል። የተመዘገቡት በአደባባይ የሚታዩት ናቸው። በጓዳ፣ በማሳና በጎረቤት መካከል የኖረው ክፍል መዝገቡ ሌላ ነው፦ በአዲስ አበባ ሱቆች የሚሸጠው የግድግዳ ካሌንደር ዛሬም ከእያንዳንዱ ቀን ቁጥር ሥር የዕለቱን ታቦት ስም ያትማል።